የሕፃናት የአንጎል ግንድ ዕጢ እና የፕሮፌሰር ሚሼል ሞንጄ ምርምር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው «ዲአይፒጂ» የሚለውን ስም ከሐኪም አፍ ሰምተው ወደ ቤት ለተመለሱ ወላጆች፣ ለዘመድ አዝማዶቻቸው እንዲሁም ስለዚህ ዕጢ በአማርኛ ማንበብ ለሚሹ ሁሉ ነው። መሐሉ ላይ የተቀመጠው በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የነርቭና የካንሰር ሐኪም የሚሼል ሞንጄ ምርምር ነው። ይህን ያደረግነው ባለፉት 15 ዓመታት ስለ በሽታው ያለውን ግንዛቤ ከለወጡት ሰዎች ቀዳሚዋ ስለሆኑና፣ ወላጆች የሚጠይቁት አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ እሳቸው ሥራ ስለሚያደርስ ነው።

ዲአይፒጂ ምን ዓይነት ዕጢ ነው?

በአንጎል ግንድ ውስጥ፣ ፖንስ ከሚባለው ክፍል የሚነሣ ካንሰር ነው፤ ስሙ «ዲፊዩዝ ኢንትሪንሲክ ፖንታይን ግሊዮማ» የሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ምኅጻር ነው። ፖንስ ትንሽ ቦታ ነው፤ ግን ከአንጎል ወደ ሰውነት የሚወርደውም ሆነ ከሰውነት ወደ አንጎል የሚወጣው መልእክት በእሱ በኩል ያልፋል። ዓይንን ወደ ጎን የሚያዞሩት፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከዚያ ይነሣሉ፤ ትንፋሽን በማስተካከልም ድርሻ አለው። ዕጢው በብዛት የሚታየው ከ5 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው።

በናሙና ምርመራ ውጤት ላይ «ዲፊዩዝ ሚድላይን ግሊዮማ፣ ኤች3ኬ27» የሚል ጽሑፍ ካዩ ግራ አይጋቡ። ከ2021 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ሰፋ ያለ መጠሪያ ነው፤ በፖንስ ብቻ ሳይሆን በአንጎል መሐል በሚገኘው በታላመስና በኅብለ ሰረሰር የሚነሡትን ተመሳሳይ ዕጢዎችም ይጨምራል።

በሽታው ከባድ ነው። ከምርመራው በኋላ ያለው የሕይወት ዘመን በአማካይ ከ9 እስከ 12 ወር ሲሆን፣ አምስት ዓመት የሚሻገሩት ልጆች እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህን የምንጽፈው ሐኪሙ የነገራችሁ ልክ መሆኑን እንድታውቁና ከዚህ በታች ያለው የምርምር ውጤት ለምን ትልቅ ዜና እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ብዙ ጊዜ በድንገት ይመጣሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይከፋሉ። የአንድ ዓይን ወደ ውስጥ መዞር፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት፣ የፊት ወደ አንድ ጎን መጣመም፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የአነጋገር መጎተት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ዋናዎቹ ናቸው። እርግጥ ዓይኑ የዞረ ልጅ ሁሉ ዕጢ አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ዓይኑ ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ዓይኑ ከዞረ፣ በተለይ አረማመዱም ከተለወጠ፣ መነጽር ከማሠራት በፊት የሕፃናት ሐኪም ማየት አለበት። በሽታው ተለይቶ የሚታወቀው በኤምአርአይ ነው።

የማን ጥፋት ነው? ከዘር ይመጣል?

የማንም ጥፋት አይደለም። ይህን ጥያቄ ከፊት ያደረግነው እናቶች ጮክ ብለው የማይጠይቁት፣ በልባቸው ግን ሌት ተቀን የሚያመላልሱት ስለሆነ ነው።

በ2012 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ከእነዚህ ዕጢዎች በአብዛኞቹ ውስጥ አንድ ዓይነት የጂን ለውጥ አገኙ። ለውጡ ያለው ሂስቶን 3 በሚባለው፣ ዲኤንኤ በሚጠመጠምበት ፕሮቲን ላይ ነው። በ27ኛው ቦታ ላይ መቀመጥ የሚገባው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ሜቲዮኒን በተባለ ሌላ ይተካል፤ ኬ የላይሲን፣ ኤም የሜቲዮኒን ምልክት ስለሆነ «ኬ27ኤም» የሚባለውም ለዚህ ነው። ፕሮቲኑ የትኛው ጂን ይከፈት፣ የትኛው ይዘጋ የሚለውን ስለሚቆጣጠር፣ ለውጡ የደረሰበት ሕዋስ አድጎ ወደ ሥራው ከመግባት ይልቅ መራባቱን ይቀጥላል። ለውጡ የሚደርሰው በልጁ አንጎል ውስጥ፣ በአንዲት ሕዋስ ላይ፣ በአጋጣሚ ነው። ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስ አይደለም። ልጁ ስለወደቀ፣ ስልክ ስለያዘ ወይም እናቱ በእርግዝናዋ ወቅት አንድ ነገር ስለበላች ይህ ለውጥ ይመጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። «ዓይን በልቶት ነው» ለሚሉ ጎረቤቶችም መልሱ ይኸው ነው።

ለምን በቀዶ ሕክምና አይወጣም?

ምክንያቱም ከአንጎል ተለይቶ የተቀመጠ እብጠት አይደለም። የዕጢው ሕዋሳት በጤናማዎቹ ነርቮች መካከል ተሰራጭተው ይኖራሉ፤ እነሱን ቆርጦ ማውጣት ከተቦካ ሊጥ ውስጥ እርሾውን መልሶ እንደመለየት ነው። ያ ቦታ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ሲነካ ትንፋሽና መዋጥ የሚቆምበት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው በቀጭን መርፌ ለምርመራ የሚሆን ናሙና መውሰድ ነው። ድሮ እሱም አደገኛ ነው ተብሎ ይተው ነበር፤ ዛሬ ልምድ ባላቸው ማዕከላት በጥንቃቄ ይሠራል። የጂን ለውጡ ካልታወቀ ብዙዎቹ አዳዲስ ሕክምናዎች ስለማይሰጡ ናሙናው ትልቅ ጥቅም አለው።

ኬሞቴራፒ በተደጋጋሚ ተሞክሮ ዕድሜ ሊያራዝም አልቻለም። መደበኛው ሕክምና እስከ ዛሬ ጨረር ነው፤ ብዙውን ጊዜ 54 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ30 ቀን ተከፋፍሎ፣ በስድስት ሳምንት ገደማ ይሰጣል። አብዛኞቹ ልጆች በዚያ ይሻላቸዋል፤ የዞረው ዓይን ሊስተካከል፣ የተንገዳገደው እግር ሊጸና ይችላል። ከወራት በኋላ ግን ዕጢው ይመለሳል። ጨረቃን በመጀመሪያ የረገጡት የኒል አርምስትሮንግ ሴት ልጅ ካረን በጥር 1962 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያረፈችው በዚህ በሽታ ነው፤ እሷም የተሰጣት ጨረር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፏል። ሞንጄ ወደዚህ መስክ ሲገቡ ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር።

ሚሼል ሞንጄ ማን ናቸው?

በስታንፎርድ ሕክምናንም የነርቭ ሳይንስንም የተማሩ፣ የሕፃናት የአንጎል ካንሰር የሚያክሙና በዚያው የራሳቸውን ላቦራቶሪ የሚመሩ ሐኪም ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዛቸው ለሥራቸው ቁልፍ ነው፤ ጠዋት ያዩትን ሕፃን ጥያቄ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ይዘውት ይገባሉ። በ2021 የማክአርተር ሽልማትን አገኙ። በ2025 ደግሞ የዴንማርኩ ሉንድቤክ ፋውንዴሽን የሚሰጠውን የአንጎል ሽልማት በጀርመን ሃይድልበርግ ከሚሠሩት ፍራንክ ቪንክለር ጋር ተካፈሉ። ሽልማቱ የተሰጠው ካንሰርና የነርቭ ሥርዓት እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያጠና አዲስ የሳይንስ ዘርፍ ስለመሠረቱ ነው።

ምርምሩ ከምን ተነሣ?

ከሟች ልጆች አንጎል። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም፤ ከዚህ በታች ያለው ውጤት ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ዕጢው ስለማይወጣ፣ ናሙናም ስለማይወሰድ፣ ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎች በእጃቸው የሚይዙት አንድም ሕያው የዕጢ ሕዋስ አልነበራቸውም። የሚሞከረው መድኃኒት ሁሉ በአዋቂዎች የአንጎል ዕጢ ላይ ከተገኘ እውቀት የተቀዳ ነበር፤ በኋላ እንደታየው ደግሞ የሁለቱ ባሕርይ የተለያየ ነው። ሞንጄ ልጆቻቸው ያረፉባቸውን ወላጆች መጠየቅ ጀመሩ። ልጁ ባረፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዕጢው ይወሰዳል፤ ሕዋሳቱ ገና ሕይወት ስላላቸው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ ለሕዋስ ተብሎ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያድጉ ይደረጋል። ከዚያም ወደ አይጥ አንጎል ይገባሉ። በ2011 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ ያሳደጉትን ሕዋስ ለሳይንስ ዓለም አሳወቁ፤ ሕዋሳቱንም ለራሳቸው ሳያስቀሩ ለሌሎች ላቦራቶሪዎች አካፈሉ።

ለእኛ ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስከሬን አይነካም፣ ቶሎ ይቀበራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነው። በስጦታው ፈቃደኛ ያልሆነ ቤተሰብ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ የልጁ ሕክምናም በዚህ አይጎድልም። ለመስጠት ለሚያስብ ቤተሰብ ደግሞ ማወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ናሙናው የሚወሰደው በሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ቀብርን ለረጅም ጊዜ አያዘገይም፣ ፊት አይበላሽም፣ ሽኝት እንደ ወጉ ይከናወናል። ነገር ግን ዝግጅቱ አስቀድሞ መጀመር ስላለበት፣ ሐኪሞቹ ልጁ በሕይወት እያለ ሊያነሡት ይችላሉ። ያን ጊዜ «ተስፋ ቆርጠውበት ነው» ብላችሁ አትደንግጡ።

«ዕጢው ከአንጎል ሥራ ጋር ይያያዛል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ነገሩ የተጀመረው በጤናማ አንጎል ላይ በነበረ ጥያቄ ነው። ሕፃን ሲያድግ የነርቭ ሽቦዎቹ ማየሊን በሚባል ነጭ ሽፋን ይለበሳሉ፤ ሽፋኑን የሚሠሩ ሕዋሳት ደግሞ ከሌሎች ቀዳሚ ሕዋሳት ይወለዳሉ። የሞንጄ ላቦራቶሪ በ2014 ነርቭ ሲሠራ እነዚህ ቀዳሚ ሕዋሳት እንደሚራቡ በአይጥ ላይ አሳየ። ዲአይፒጂ ደግሞ ከእነዚሁ ሕዋሳት ወገን ይመስላል፤ የሚነሣውም ይህ እድገት በሚካሄድበት የልጅነት ዕድሜ ነው። ታዲያ የነርቭ ሥራ ጤናማውን ሕዋስ ካራባ፣ ዕጢውንስ?

ሙከራው እንዲህ ነበር። የነርቭ ሕዋሳቱ በብርሃን እንዲነቁ ሆኖ የተዘጋጀ አይጥ ይወሰድና የሰው ዕጢ ሕዋስ እንቅስቃሴን ወደሚያዘው የአንጎል ክፍሉ ይገባል። ቀጭን የብርሃን ገመድ በራስ ቅሉ ይገጠምለታል። ሰማያዊው ብርሃን ሲበራ ነርቮቹ ይነቃሉ፤ አይጡም በአንድ አቅጣጫ መዞር ይጀምራል። ብርሃኑ ሲጠፋ ይቆማል። በዚህ ዓይነት የነቃው አንጎል ውስጥ ያለው ዕጢ ካልነቃው በበለጠ ተራባ። ከዚያ ቀጥሎ ያደረጉት ይበልጥ ይደንቃል፤ የነቃ የአንጎል ቁራጭ የተነከረበትን ፈሳሽ ብቻ ወስደው በሳህን ላይ ባለ የዕጢ ሕዋስ ላይ አፈሰሱት። ነርቭ በሌለበት ሳህን ዕጢው አደገ። ስለዚህ ነርቮቹ አንድ ነገር ወደ ፈሳሹ ይለቃሉ ማለት ነው። ሲፈልጉ ያገኙት ኒውሮሊጂን-3 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ በ2015 ታተመ።

በ2017 ኒውሮሊጂን-3 በሌላቸው አይጦች ላይ ሞከሩ። የሕፃናቱ ዕጢ ለወራት ሳያድግ ቀረ፤ የተወሰኑት ግን በኋላ ማደግ ጀመሩ፤ ይህም ዕጢው ሌላ መንገድ እንደሚፈልግ ያሳያል። ፕሮቲኑን ከነርቭ ላይ ቆርጦ የሚለቀው አዳም10 የተባለ ኤንዛይም መሆኑም ተለየ፤ ይህን ኤንዛይም የሚያግድ መድኃኒት በአይጥ ላይ የዕጢውን እድገት ቀነሰ።

በ2019 ደግሞ የሞንጄና የሃይድልበርጉ ቡድን ሥራ በአንድ የኔቸር መጽሔት እትም ላይ ጎን ለጎን ወጣ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ በነርቭ ሕዋስና በዕጢ ሕዋስ መካከል ሲናፕስ አለ፤ ማለትም አንድ ነርቭ ለሌላው ነርቭ መልእክት የሚያቀብልበት ዓይነተኛ መገናኛ። መልእክቱ በዕጢው ሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ የዕጢው ሕዋሳት እርስ በርስም ስለተያያዙ ይዛመታል፣ እድገታቸውንም ያፋጥናል። ካንሰር አንጎልን የሚጫን ባዕድ ነገር ነው የሚለው የቆየ እይታ በዚህ ተለወጠ። ይህ ዕጢ የአንጎሉ የመልእክት መረብ አባል ሆኖ የሚኖር ነው። በእኔ እምነት የሞንጄ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ቀጥሎ ከምናየው ሕክምናም በላይ።

እንዲህ ከሆነ ልጄ ማሰብ፣ መጫወት፣ መማር መቀነስ አለበት?

በፍጹም። ይህን ጥያቄ ወላጆች ከልባቸው ይጠይቁታል፤ ከላይ ያለውን ላነበበ ሰውም ተገቢ ጥያቄ ነው። አንጎል እንቅልፍ ላይም ቢሆን አያርፍም፤ ማንበብ በማቆም የሚዘጋ ነገር የለም። በአይጥ ላይ የነበረው ንቃት በሰው እጅ የተደረገ፣ ከተፈጥሮ የተለየ ነው። የምርምሩ ዓላማ በነርቭና በዕጢ መካከል ያለችውን መገናኛ በመድኃኒት መዝጋት እንጂ ልጁን ከሕይወት መከልከል አይደለም። ትምህርት ቤት መሄድ ከቻለ ይሂድ፤ ኳስ ካማረው ይጫወት።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ዕጢውን ያቆማል የሚባለው እውነት ነው?

ከሲናፕሱ ግኝት የመጣ ሐሳብ ነው። ዕጢው መልእክቱን የሚቀበልበትን በር የሚዘጋው ፐራምፓኔል የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በእንስሳት ላይ እድገቱን ቀንሷል። በሰው ላይ በሙከራ እየተመረመረ ያለ ጉዳይ ነው። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለልጅ መስጠት ግን አደጋ አለው፤ ጠባይ ሊለውጥ፣ ሊያደነዝዝ ይችላል፤ መጠኑም በሐኪም የሚወሰን ነው።

ካር ቲ ሕክምና ምንድን ነው?

ቲ ሕዋስ ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ነው። ከታማሚው ደም ይወሰድና በላቦራቶሪ አዲስ ጂን ይሰጠዋል፤ በዚህም አንድን የተመረጠ ምልክት የተሸከመ ሕዋስ ሲያገኝ እንዲገድለው ይሆናል። ከዚያ ተራብቶ ለዚያው ታማሚ ይመለሳል። ለደም ካንሰር ዓመታትን ያስቆጠረ ሕክምና ነው፤ በአንጎል ውስጥ ግን ይሠራል ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር አልነበረም።

የሞንጄና የካንሰር ሐኪም የሆኑት የክሪስታል ማካል ቡድኖች የዲአይፒጂ ሕዋሳት በላያቸው ጂዲ2 የሚባል፣ ከስኳርና ከስብ የተሠራ ምልክት እጅግ በብዛት እንደሚሸከሙ አገኙ። በ2018 ይህን ምልክት የሚያሳድድ ካር ቲ በአይጥ ላይ ዕጢውን ሊጠርገው እንደሚችል አሳተሙ። እዚያው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያም ነበር፦ ዕጢያቸው በታላመስ የነበረ አንዳንድ አይጦች በሕክምናው ምክንያት በመጣ እብጠት ሞቱ። ሕክምናው ወደ ልጆች ሲሻገር በጥብቅ ክትትል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በልጆች ላይ ምን ውጤት ተገኘ?

ሙከራው በ2020 ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የአራት ታማሚዎች ውጤት በ2022፣ የ11 ታማሚዎች ደግሞ በ2024 በኔቸር ታተመ። መጀመሪያ ሕዋሱ በደም ሥር ይሰጣል፤ ለተጠቀሙት ደግሞ ቀጣዩ በቀጥታ አንጎል ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ይገባል።

ከ11ዱ በአራቱ ዕጢው በእጅጉ ቀነሰ፦ በ52፣ በ54፣ በ91 እና በ100 በመቶ። ሌሎች ሦስት ከዚያ ያነሰ ቅነሳ አሳዩ። ዘጠኙ በነርቭ ሥራቸው መሻሻል ታየባቸው፤ ይህ ማለት አረማመድ፣ ስሜት፣ የፊት እንቅስቃሴ የመሳሰለው ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የጠፋለት ታማሚ ውጤቱ ሲታተም ወደ ሙከራው ከገባ ከ30 ወር በላይ ሆኖት ነበር፤ ዕጢውም አልተመለሰም።

እነዚህን ቁጥሮች በሁለት ዓይን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ በምስል ላይ ዕጢው ጠፍቶ የሚቆይ መሆኑ እጅግ ብርቅ ነገር ነው፤ ይህን ማሳነስ አይገባም። ሆኖም 11 ሰው ትንሽ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በኋላ ዕጢው ተመልሶባቸዋል። ለአንዱ ሙሉ በሙሉ የሠራው ለሌላው ለምን በግማሽ ብቻ እንደሠራ መፈለግ የአሁኑ ዋና ሥራ ነው። «መድኃኒት ተገኘለት» ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሰራጭ ሰው ካያችሁ፣ ያላወቀ ቤተሰብን እየጎዳ ነው።

አደጋ የለውም?

አለው፤ ከባድም ሊሆን ይችላል። የነቃው የመከላከያ ሥርዓት ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ያመጣል፤ በሙከራው በደም ሥር የተሰጠው ከፍ ያለው መጠን በሦስት ታማሚዎች ላይ ከባድ ሆኖ ስለተገኘ ዝቅተኛው ተመርጧል። ለዚህ ዕጢ ልዩ የሆነው ደግሞ ዕጢው ሲጠቃ የሚያብጥ መሆኑ ነው፤ ፖንስን የመሰለ ጠባብ ቦታ ላይ እብጠት ምልክቶቹን ለጊዜው ያባብሳል፣ የአንጎል ፈሳሽንም ሊያግድ ይችላል። ለዚህ ሲባል ከራስ ቆዳ ሥር ትንሽ ማጠራቀሚያ አስቀድሞ ይቀመጣል፤ በእሱ ግፊቱ ይለካል፣ ካስፈለገም ፈሳሽ ይቀዳል። ይህን ማድረግ የሚችሉት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍልና የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሌት ተቀን ያላቸው ጥቂት ማዕከላት ናቸው።

ሞንጄ ስለ ጨረር ያጠኑት ምንድን ነው?

ከዕጢው በፊት የጀመሩት ሥራ ነው። በ2002 እና በ2003 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ጨረር የማስታወስ ክፍል በሆነው ሂፖካምፐስ አዳዲስ ነርቮች እንዳይወለዱ እንደሚያደርግ፣ መንስኤውም በአካባቢው የሚቀሰቀሰው ብግነት እንደሆነ በአይጥ ላይ አሳዩ። ከሕክምና በኋላ «ነገር ይጠፋብኛል» የሚል ታማሚ ስሜቱን ፈጥሮት አይደለም።

ከካር ቲ ሌላ የተፈቀደ አዲስ መድኃኒት አለ?

አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዶርዳቪፕሮን የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት በነሐሴ 2025 በተፋጠነ ሂደት ፈቅዷል። ቀድሞ ኦኤንሲ201 በሚል ስም ይታወቅ ነበር፤ ሞዴይሶ በሚል ስም ይሸጣል። የተፈቀደው ዕድሜያቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የኬ27ኤም ለውጥ ላለባቸውና ከቀድሞ ሕክምና በኋላ ዕጢው ለባሰባቸው ታማሚዎች ነው። ፈቃዱ በተመሠረተበት የ50 ታማሚዎች መረጃ 22 በመቶዎቹ ላይ ዕጢው ቀንሷል። ለሁሉም አይሠራም፤ ለሚሠራለት ግን ጊዜ ይሰጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ መሆኑም ለልጅ ቀላል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ጨረሩን። ሩቅ አገር ያለ ሙከራ ሲፈለግ ወራት አልፈው፣ ልጁ እዚሁ ሊሰጠው የሚችለው ጨረር የሚያመልጠው ሁኔታ እጅግ ያሳስበናል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ዛሬ ጅማን የመሰሉ ሌሎች ማዕከላት ተጨምረዋል፣ ወረፋው ግን አሁንም ከባድ ነው። ስለዚህ ኤምአርአዩ በወጣ ዕለት የሕፃናት ካንሰር ክፍሉንና የጨረር ክፍሉን በአንድ ላይ ማናገር ይጠቅማል።

ውጭ አገር ያለ ሙከራ ሲታሰብ ደግሞ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ አብዛኛው ሙከራ የጂን ለውጡ በናሙና መረጋገጡን፣ ጨረር መጠናቀቁን፣ ልጁም ጉዞውን የሚችል መሆኑን ይጠይቃል። የመድኃኒቱ ወጪ በሙከራው ቢሸፈን እንኳ የሆስፒታል፣ የመኖሪያና የጉዞ ወጪ በቤተሰቡ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመሩ በፊት ልጁ መስፈርቱን ማሟላቱን ከሙከራው ቡድን በጽሑፍ ማረጋገጥ ግድ ነው። የልጁን ኤምአርአይ ምስሎች በሲዲ ወይም በፍላሽ ያስቀምጡ፤ የወረቀቱ ሪፖርት ብቻ አይበቃም።

ጸበል ስንወስደው መድኃኒቱን ማቆም አለብን?

ጸበል መሄድ መድኃኒት ማቆምን አይጠይቅም፤ ብዙ ካህናትም ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያስኬዱ ይመክራሉ። እዚህ ላይ በጣም የምንጨነቅበት አንድ መድኃኒት አለ፤ ዴክሳሜታዞን። በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ለመቀነስ የሚሰጥ ስቴሮይድ ነው። ለሳምንታት የወሰደ ልጅ በድንገት ካቆመ እብጠቱ ተመልሶ ሕመሙን ሊያባብስበት ይችላል፤ ሰውነቱም የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስላቋረጠ ሕይወቱ አደጋ ላይ ትወድቃለች። መጠኑ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። ፊቱ ማበጡ፣ አለመጠን መራቡ፣ መነጫነጩ ከዚሁ መድኃኒት የተነሣ ነው፤ መጠኑ ሲቀነስ ይጠፋል። ስለ ባህል መድኃኒት ደግሞ የምንለው አንድ ነው፦ የሚሰጡትን ነገር ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ጉበት የሚጎዳ ቅጠል ልጁን ከሙከራ ሊያስወጣው ይችላል።

አሜሪካ ያለን ወላጆች ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

«ናሙና ሊወሰድ ይችላል? የኬ27ኤም ለውጥ አለው? ከጨረሩ በኋላ የሚመጥነው ሙከራ የትኛው ነው? አሁን የምንወስነው ውሳኔ በኋላ ሌላ ሙከራ ይዘጋብናል?» የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ሳይጠይቀው ያልፋል፤ አንዳንድ ሙከራ ቀድሞ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት የሚጠቀም ሌላ ሕክምና የወሰደን ታማሚ አይቀበልም። የሙከራዎች ዝርዝር ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ ለማንም ክፍት ነው።

አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ ሊያቀርብላችሁ ይገባል። እንግሊዝኛ የምትችለውን ታላቅ እህት ወይም ታላቅ ወንድም አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የወንድሟን ሞት ለእናቷ መተርጎም የለባትም። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ በስልክ ወይም በቪዲዮም ያቀርባሉ። ፈቃድ የምትፈርሙበትን ሰነድም አስተርጓሚው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዲያነብላችሁ ጠይቁ፤ ካልገባችሁ በዚያ ቀን አለመፈረም ትችላላችሁ።